የአባቴ ምት በዳዊት ጊታር

ማክሰኞ

አባቴ ሰምተውታል። ወንድሜ ከደጋን፣ ከቤታችን ደውሎ ነው የነገረኝ። አንድ ጎረቤት ስልኩን ከፍቶ አሰማቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ለሶላት ተነሱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ልምምድ ላይ የቀረጽነውን ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ማን እንደለቀቀው አላውቅም። አራት ነን፦ ዳዊት ጊታር፣ ጋሻው ማሲንቆ፣ ከሚሴ ያደገችው ጫልቱ ድምፅ፣ እኔ ድቤ። ዳዊት የማሊዎችን አጨዋወት ከስልኩ ሲለቅም ዓመታት ሆኖታል። ባለፈው ወር አባቴ መንዙማ ሲያወጡ የሚመቱትን ምት መታሁለት። ከጊታሩ ጋር አብሮ ያደገ መሰለ። ጫልቱ የመንዙማውን ግጥም ጨመረችበት። ደስ አለን። አባቴን ማስፈቀድ ትዝ ያለው የለም። ትዝ ሊለው የሚገባው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ አዳራሽ እንጫወታለን። ማስታወቂያው ተለጥፏል።

ረቡዕ

ስልኬን መክፈት ፈራሁ። አንዱ የወሎን ዜማ ለዓለም አስተዋወቃችሁ ይላል። ሌላው አረከሳችሁት ይላል። የማላውቃት ሴት ደግሞ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ይህን ምት ሰምታ እንደማታውቅ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ እንዳለቀሰች ጻፈች። የቱን ልያዝ?

ጋሻው ዘፈኑን ከቅዳሜው ዝግጅት እናስቀረው አለ። ዳዊት ዜማ ባለቤት የለውም ብሎ ተከራከረ። ባለቤቱ ደጋን ተቀምጠዋል አልኩት።

ሐሙስ

ደጋን ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደረድር ነበር፤ ግቢው ስገባ ሁሉም ጠፋኝ። አባቴ ማሽላ ያሰጣሉ። ሰላምታዬን መለሱ፤ ቀና ግን አላሉም። አብሬ ማስጣት ጀመርኩ።

ብዙ ቆይተው፣ ያ የጊታሩ ልጅ ጣቱ ጎበዝ ነው አሉ። ከማሊዎች ነው የለቀመው ስላቸው ማሊ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚያም ሙስሊሙ ብዙ ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አስቀየመዎት?» አልኩ።

«የነቢዩን ስም ስትጠሩ ጊታሩ መሃል ላይ ቆረጠው። ምቱን ውሰጂው፣ እኔም ከአባቴ ነው የወሰድኩት። ግጥሙን ግን ለዱዓው ተዪልኝ።»

እሺ አልኩ። ቅዳሜ ይምጡ ሳልላቸው ተመለስኩ።

አርብ

ግጥሙን መተው እንዳለብን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዳዊት አንድ ቀን ሲቀረን ነው ወይ ብሎ ጊታሩን አዝሎ ወጣ።

ጫልቱ እናቷ ማሳ ሲያርሙ የሚያዜሙትን የኦሮምኛ ግጥም ታውቃለች። መጀመሪያ ደውላ እናቷን ጠየቀች። ፈቀዱላት። ከምቱ ጋር ገጠመ፤ ያለ ጊታር ግን ባዶ ነው። ዳዊት ስልክ አያነሳም።

ከመግሪብ በኋላ መልእክት ላከ፦ ነገ ስንት ሰዓት ነው ኮምቦልቻ የምንወርደው?

ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርን።  ፊት የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች በመሃል ተነስተው ወጡ። ልቤ ተከተላቸው። ወዲያው ከኋላ ጭብጨባ ተነሳ፤ መንዙማ ላይ እንደሚጨበጨበው፣ ዝግ ያለ። ጫልቱ ግጥሟን እስክትጨርስ ዳዊት ጠብቆ በጊታሩ ገባ። ማንም ጠብቅ አላለውም።

እሁድ

አባቴ ደወሉ። እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም። ለካ ትናንት መጥተው ነበር፤ ውስጡ ይጨናነቃል ብለው በር ላይ ቆመው ነው የሰሙት። ግጥሙ የገበሬ ነው፣ ጥሩ ነው አሉ። ማሲንቆው ይጮሃል። ጊታሩን ገና አልለመድኩትም፣ ልጁ ግን አደብ አለው አሉ።  

«ድቤሽ ላልቷል» አሉ በመጨረሻ። «ቆዳው እርጥበት ገብቶበታል። አምጪውና እሳት አሙቀን እንወጥረዋለን።»

ወደውታል ወይስ አልወደዱትም? አላውቅም። ድቤውን በጨርቅ ጠቅልዬ በሩ ስር አስቀምጬዋለሁ። ነገ በጠዋት ወደ ደጋን እወርዳለሁ።