መስኩን ለሁለት ፋሲካ የተዋሱት የአቶ ደርበው አበረ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደርበው አበረ ከአባታቸው ከአቶ አበረ ገላው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደጊቱ ቸኮል፣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በአገው ምድር አውራጃ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብላ በምትገኘው ዘንገና በጥቅምት ወር 1917 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው የሻረግ ነኝ። ዳንግላ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝና የቀብር ጽሑፍ ረጋ ተብሎ እንደሚነበብ አላጣሁትም። የወንድሜ ሕይወት ግን ረጋ ያለ ስላልነበረ አንባቢው ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ዳንግላ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1942 ዓ.ም. የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ መርፌና መድኃኒታቸውን በፈረስ ጭነው ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ያልደረሱበት መንደር አልነበረም። በሬውንም ጥጃውንም በአገውኛ እያባበሉ ነበር የሚወጉት። በ1946 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናለብሽ ደጉ ጋር በቁርባን ተጋብተው ዓለምነው፣ እታለማሁና ምህረቴ የተባሉ ልጆች አፈሩ። የወይዘሮ ማናለብሽ አባት አቶ ደጉ የአገሩን የወል ግጦሽ ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች ዋናው ናቸው፤ ይህ ዝምድና በኋላ ለወንድሜ ምንም አልጠቀመም።

ታላቁ ነገር የመጣው በ1953 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤታቸው ለዓሣ እርባታ ሥልጠና አዲስ አበባ ላካቸው። ስለ ከብት እያወሩ ሄደው ስለ ዓሣ እያወሩ ተመለሱ፤ ለወራት እኛ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። ካርፕ የሚባለው ዓሣ በኩሬ ይረባል፤ ውሃው እንደ እኛ አገር ሲቀዘቅዝ ግን ሴቷ ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ ሳትጥል ትቀራለች። እንቁላሉ እንዲወርድ የሚያዘው ሆርሞን የሚባል ነገር ነው፤ መገኛውም በዓሣው ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎሉ ሥር የተቀመጠች፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ እጢ ናት። ይህችን እጢ ከሌላ ዓሣ አውጥቶ፣ ደቁሶ፣ በጨው ውሃ በጥብጦ ሴቷን መውጋት ነው፤ በማግሥቱ እንቁላሏን ትጥላለች። ወንድሜ ይህን ላገኙት ሰው ሁሉ ያስረዱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመርፌ በሽታ ሲከላከሉ ኖረው አሁን በመርፌ ሊያዋልዱ ነው!

ኩሬ የሚቆፈርበት ቦታ ግን አልተገኘም። ውሃ የማይነጥፍበት መስክ የወል ግጦሹ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራክረው መስኩን ለሁለት ፋሲካ አዋሷቸው፤ በሁለተኛው ፋሲካ እዚያው የተወለደ ዓሣ ካልታየ ኩሬው ተደፍኖ መሬቱ ለከብት ይመለሳል። ይህን አናግረው ያስማሉት አማታቸው አቶ ደጉ ነበሩ። ወንድሜም ማሉ። ከዚያም ትልልቅ ካርፖች በበርሜል በጭነት መኪና አስመጥተው ገሚሱን መስኩ ላይ ባስቆፈሩት ኩሬ ለቀቁ፤ ገሚሱንም ዳንግላ በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ባለች ትንሽ ኩሬ አኖሩ።

ችግሩ ቶሎ መጣ። ሴቷ ዓሣ ሆዷ የሚሞላው ፀሐይ ኩሬውን በምታሞቅበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ያ ደግሞ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ በእኛ ዘንድ ዶሮ እንኳ አይታረድም፤ እጢውን ለማግኘት ደግሞ ዓሣ መግደል ግድ ነው። ወንድሜ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። እሳቸውም አሰብ አድርገው፣ “መርፌው ጾም አይሽርም፤ ቢላዋው ግን እስከ ፋሲካ ከሰገባው አይውጣ” አሏቸው።

ወንድሜ የቄስ ቃል የሚያከብሩ ሰው ስለነበሩ በ1955 ዓ.ም. ዘዴ ፈጠሩ። በቅበላ፣ ሁሉም ቤት በሚያርድበት ሰሞን፣ ዳንግላ ካኖሯቸው ዓሣዎች ጥቂቱን ገድለው ጭንቅላቶቻቸውን እንደ ቋንጣ ከምድጃው በላይ ሰቀሉ። እጢው ደርቆ ሊቀመጥ እንደሚችል መምህራቸው ነግረዋቸው ነበር፤ የሚደርቀው በመድኃኒት እንጂ በጭስ አይደለም ማለታቸውን ግን በደስታ ብዛት አልሰሙትም። ጊዜው ሲደርስ ደቁሰው ወጉ። በማግሥቱ ምንም አልሆነም፤ ከዚያም በኋላ ምንም አልሆነም። የምድጃው ሙቀት እጢውን አብስሎት ኖሯል። የአገሩ ሰው “ደርበው ዓሣውን በቋንጣ ወጋው” እያለ ሲስቅ ከረመ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ቤት ውስጥ ስቀናል። የመጀመሪያው ፋሲካ እንዲህ አለፈ።

በ1956 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ የሚስቅ አልነበረም። ወይዘሮ ማናለብሽ አባታቸውን አንድ ዓመት እንዲጨምሩ ለመኑ፤ አቶ ደጉ ለአማች ብዬ ያስማልኩትን አላፈርስም ብለው እምቢ አሉ። ከብቶቹ ከወዲሁ በኩሬው ዙሪያ መሰማራት ጀምረው ነበር። ወንድሜ እህል አልበላ አላቸው። አንድ ቀን ዳንግላ ገበያ ላይ የጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድሰዒድ፣ ላሞቻቸው ከተከተቡላቸው ጊዜ ጀምሮ ወዳጃቸው የሆኑት፣ ፊታቸውን አይተው ምን እንደሆኑ ጠየቋቸው። ሁሉንም ነገሯቸው። ሙሐመድሰዒድም የወንድሜን ክንድ ጨርቅ በሚለኩበት እንጨት መታ አድርገው እንዲህ አሉ፦ “ጾሙ ያንተ ነው፤ ቢላዋው የእኔ ይሁን። ጭንቅላቱን አንተ ውሰድ፣ ሥጋውን ሚስቴ ፋጤ ትሠራዋለች።”

ወንድሜ ወደ ነፍስ አባታቸው በረሩ። ቄሱም የሌላው ሰው ቢላዋ እሳቸውን እንደማይመለከት ተናግረው አሰናበቷቸው፤ እየሳቁ ነበር ይባላል።

በሚያዝያ አንድ ጧት ሙሐመድሰዒድ ከዳንግላው ኩሬ የወጡትን ዓሣዎች በጓሯቸው ገደሉ፤ ወንድሜ በዚያው እጢዎቹን አወጡ። በትንሽ ብልቃጥ አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በጉያቸው ያዙ። ወደ እንጅባራ የሚወጣ መኪና አልጠፋም ነበር፤ እሳቸው ግን ከፈረሳቸው በቀር አያምኑም። ያን ቀን በመንገድ ያያቸው ሰው ሁሉ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መስሎት ነበር። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ደርሰው እጢውን ደቆሱ፣ በጠበጡ፣ ሴቶቹን ዓሣዎች በእርጥብ ጨርቅ ይዘው እንደ ጥጆቹ በአገውኛ እያባበሉ ወጉ፤ ከወንዶቹም ጋር ለምለም ሣር በተነሰነሰበት ጥልቀት በሌለው ኩሬ ለቀቋቸው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ውሃው ይንቦጫረቅ ጀመር። ወንዶቹ ሴቶቹን እያሳደዱ፣ ጅራታቸው ውሃውን እየመታ፣ ኩሬው የፈላ ድስት መሰለ። ሣሩን አንስተን ስናይ እያንዳንዱ ዘለላ እንቁላል ተጣብቆበታል። ወንድሜ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ቆመው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ወይዘሮ ማናለብሽ እልል አሉ። ጥቂት ቆይቶ እንቁላሉ ተፈለፈለ።

ለፋሲካ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ደጉ በርከክ ብለው ውሃውን በእፍኛቸው ቀዱ፤ በመዳፋቸው ላይ ዓይን ብቻ የሚመስሉ የዓሣ ጫጩቶች ይርመሰመሱ ነበር። ከዚያ ውሃውን ቀስ አድርገው መልሰው ተነሡና፣ “ከብቱ ሌላ መስክ ይፈልግ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ኩሬ የወጣ ዓሣ ዳንግላና ጫግኒ ደርሷል፤ የተወጋ ዓሣ አንበላም ያሉትም ቀምሰው ለሌላ ተመልሰው መጥተዋል። ሙሐመድሰዒድ በየዓመቱ በሁዳዴ ቢላዋቸውን ስለው ይጠብቃሉ። የወንድሜ ልጅ እታለማሁ መርፌውን ከአባቷ ተምራ ዛሬ ከእሳቸው በተሻለ ትይዛለች፤ ይህን ራሳቸው በኩራት ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

አቶ ደርበው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ዓርብ መጋቢት 13 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አማታቸውን አቶ ደጉንና እኔን እህታቸውን በሐዘን ትተዋል። የደከሙበትን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በጸጥታ ያሳርፍልን።

ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል። ወንድሜ ከመሞታቸው በፊት፣ ቀብራቸው ከዓሣው ቀን ጋር ቢገጥም ዓሣው እንዳይታለፍ አጥብቀው አዘዋል። እታለማሁ ትናንት ማታ እንባዋን እየጠረገች ወግታለች፤ ዛሬ እንቁላል የሚጣልበት ቀን ነው፤ ዓሣው ከደነገጠ ደግሞ አይጥልም። ስለዚህ ለፈረሰኛ የሚገባው ጉግስና ተኩስ ዛሬ ይቅር፤ አስከሬኑ በመስኩ ሲያልፍ ሁላችሁም በእግራችሁ፣ በዝግታ እለፉ። ፈረስ የያዘ ሰው ወደ ኩሬው እንዳይጠጋ፣ አቶ ደጉ በዚያ ዕድሜያቸው ከንጋት ጀምሮ ዱላቸውን ይዘው መስኩ ዳር ቆመዋል።