ፎቶዬን ከሰሌዳው ስለማውረድ

ለተከበሩ የማለዳ ጮራ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ ፊልጶስ፤
ጎንደር።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እናትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸውን ያርዝምልዎ፤ ሲያዩዎትም የሚያውቁዎት ያድርግልዎ። ይህን የመጨረሻውን ምርቃት ለምን እንደ ጨመርሁት ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

እኔ ዓይናዲስ እባላለሁ። ማራኪ ሠፈር ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴ ከዳኛውና ከልጃችን ከብሌን ጋር እኖራለሁ። ጠዋት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ አንድ የኮምፒውተር ቤት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ክቡርነትዎ ግን የሚያውቁኝ በሌላ ነው። ከግቢያችሁ በር በስተቀኝ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ከላይኛው ረድፍ ያለችው ነጠላ የለበሰች ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም በቢሮዎ ደጅ በተመላለስሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ሆነው ስለ ቆዩኝ ነው። ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑም እንዳይዘበራረቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ስለ ብድሩ አመሰግናለሁ። ዳኛው ግንበኛ ነው፤ ፎቅ ሲሠራ ከመወጣጫው እንጨት ወድቆ እግሩ ሲደቅ፣ ዘመድ ሁሉ እጁን በሰበሰበበት ሰዓት ማኅበራችሁ እጁን ዘርግቷል። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ባሌ ዛሬ በከዘራም ቢሆን የሚራመደው በእናንተ ገንዘብ በገባለት ብረት ነው፤ ውለታ መካድ ከቤታችን አልተለመደም።

፪. ስላስተማራችሁኝ ትጋት አመሰግናለሁ። ዕዳ ሳይኖርብኝ እንዴት ያለሁ ሰነፍ እንደ ነበርሁ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ቁጭ ብዬ ምሳ እበላ ነበር። በእናንተ ተግሣጽ ምሳዬን ታክሲ ውስጥ መጨረስን፣ በአንድ እጅ ወጥ እያማሰሉ በሌላው ደብተር ማረምን፣ የዳኛውን ቁስል እያጠቡ ለልጅ ማባዛት ማስጠናትን ለመድሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ከአንድ ተማሪ ድርሰት ግርጌ «ጨው አንሶታል» ብዬ ጽፌ ተገኝቻለሁ። ብሌን ምን ብትጠይቀኝ «ቆይ» ስለምላት «እማማ ቆይ» የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ስቄ አሳለፍሁት፤ ግን ደስ ብሎኝ አይደለም። ገጠር፣ ድብ ባሕር ያለችውን እናቴን ሄዶ ማየትማ ከቅንጦት ተቆጠረ። በየበዓሉ ስትጠብቀኝ በየበዓሉ «ዕዳዬን ልጨርስና እመጣለሁ፣ እምዬ» እያልሁ በስልክ አታልላት ነበር። እርሷም «ምነው፣ ዕዳው ነው እንዴ የወለደሽ?» ትለኝ ነበር።

፫. ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ። አንድም ወር ሳላጓድል ስከፍል ቆይቼ ደመወዝ በዘገየብን በዚያ ወር ብቻ ሳልከፍል ቀረሁ። ለዚህ ጥፋቴ፣ ብድሩን ስወስድ የሰጠኋችሁን ጉርድ ፎቶግራፍ ራሴን እስክፈራ ድረስ አሳድጋችሁ፣ ለዓይን እንዲያምርም ዙሪያውን በጥቁር ከፍፋችሁ በሰሌዳችሁ ላይ ሰቀላችሁልኝ። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ትልቅ ፎቶ አልተነሣሁም። ልጄ ብሌን ጓደኞቿ እንዳያዩብኝ ብላ ከትምህርት ቤት በዳገቱ ዞራ መምጣት ጀመረች። አቀበት ለጤና ይበጃል ይባላልና ስለ እርሷም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. በተለይ ደግሞ ስለ መረጣችሁልኝ ቦታ አመሰግናለሁ። ያን ሰሌዳ የሠፈሩ እድር ለመርዶ ያሠራው መሆኑን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እናንተ ግቢውን ስትከራዩ ሰሌዳውንም ለሁለት ተካፈላችሁት፤ በግራ የሞቱ፣ በቀኝ ያልከፈሉ። ማንበብ ለሚችል ሰው ልዩነቱ ከግርጌ በደቂቅ ፊደል ተጽፏል። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ሁለቱም ወገን በጥቁር የተከፈፈ የሰው ፊት ነው።

፭. አያ ካሴ ማንበብ አይችልም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልሄድ ብሎኛል።

አያ ካሴ የእናቴ ጎረቤት ነው። ፎቶዬ በተሰቀለ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ሊሸጥ ጎንደር ሲወጣ፣ እናቴ ለብሌን የሚሆን አንድ ቋጠሮ ቆሎ አስይዛው ነበር። ወደ ቤቴ ሲመጣ በበራችሁ ሲያልፍ አየኝ። በመርዶ ሰሌዳ ላይ፣ ነጠላ ለብሼ፣ በጥቁር ተከፍፌ። አልጠየቀም። በእኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «ይቺ ልጅ ሞተች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መርዶ ወግ አለው። ቤቴ ድረስ መጥቶ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። ዳኛው ለቀጠሮው ሐኪም ቤት ሄዶ፣ ብሌንም ተከትላው፣ እኔ የእናንተን ዕዳ ልከፍል እየተየብሁ ነበር። ቆሎውን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ አልቅሶ ተመለሰ። ማታ ቋጠሮውን አግኝቼ አያ ካሴ ምነው ሳያየኝ ሄደ ብዬ ተቀየምሁት። ልደውል ብሞክርም የዚያን ሰሞን ወደዚያ ኔትወርክ አልነበረም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ደንቡ፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው የእናቴን በር አንኳኩ። እናቴን የምታህል ሴት በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ደጇ ላይ ስታይ ምን እንደ መጣ ለማወቅ ቃል አያስፈልጋትም። ፊቷን ነጨች፤ ፀጉሯን ተላጨች። ሬሳ ስለሌለ ልጅ ሳለሁ የለበስሁትን ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግተው፣ በላዩ ላይ ድሮ የላክሁላትን ጉርድ ፎቶ አድርገው አለቀሱልኝ። ያለቀሰችብኝን ቃል ሰዎች ይዘውት ነበርና ነገሩኝ፦

አስተማሪ ልጄ ቆማ ከሰሌዳ፣
ሰሌዳ ላይ አየ መርዶዋን እንግዳ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ለቀስተኞቼ ቤቴ ሲመጡ ነው። ዳኛውን ሊያጽናኑ ከድብ ባሕር ተሳፍረው የመጡት ዘመዶቼ ደጃፌ ላይ ሲደርሱ እሪታቸውን ለቀቁት፤ እኔም የማን ቤት ጉድ ወረደበት ብዬ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን እንደ ያዝሁ በሩን ከፈትሁላቸው። አክስቴ አበቡ ስታየኝ እንደ ቆመች ወደቀች። የራሴን ለቀስተኛ ውኃ እያፈሰስሁ ሳነቃ ዋልሁ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ! ለዚህ የሚሆን ምስጋና ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ሥራዬን ጥዬ በማግሥቱ እናቴ ዘንድ ሮጥሁ። ልክ ደጁ ላይ ስደርስ በሕይወት መኖሬ ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። «እምዬ» ብዬ እግሯ ላይ ስወድቅ ቀና አድርጋ ፊቴን ዳበሰችኝ፤ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ፦

«አንቺ ልጅ፣ የኔን ልጅ ትመስያለሽ። የማን ነሽ?»

እናቴ አላበደችም። ላሟን ታውቃለች፤ ጎረቤቶቿን በየስማቸው ትጠራለች፤ ጾሙን፣ በዓሉን አትስትም። የማታውቀው እኔን ብቻ ነው። ቄሱ ጠበል ረጯት፤ ሽማግሌዎቹ መከሯት፤ አያ ካሴ እግሯ ላይ ተደፍቶ ተሳስቻለሁ ብሎ አለቀሰ። «ታዲያ ፎቶዋ ከሰሌዳው ወርዷል?» አለችው። ምስኪን ሰው መዋሸት አይችልም፤ «አልወረደም» አላት። «እንግዲያ ምነው ታታልሉኛላችሁ?» ብላ ነጠላዋን ተከናነበች። እኔን እንደ ሩቅ እንግዳ አልጋዋን ለቃ አስተኛችኝ። በተኛሁበት አልጋ ላይ ነበር ቀሚሴን ዘርግታ ያለቀሰችብኝ።

አሁን የምነግርዎ ማኅበራችሁን ደስ የሚያሰኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ያ ሰሌዳ የዕዳ እንጂ የሞት አይደለም ብለው ሲያስረዷት፣ ከነገሩ ሁሉ የሰማችው «ዕዳ» የሚለውን ብቻ ሆነ። ለተዝካሬ ያሰበቻትን ጊደር አስሸጠች። ገንዘቡን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ቆይታ፣ ልሄድ ስነሣ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው። «ሸጋ ልጅ ትመስይኛለሽ። ጎንደር ስትመለሽ ለነዚያ ሰዎች ክፈይላት። የልጄ ነፍስ በሰው ገንዘብ እንዳትታሰር» አለችኝ። ተቀበልሁ። አልቀበልም ብል ማን ነኝ ብዬ ነው? የቀረብኝን ዕዳ በሙሉ በተዝካሬ ገንዘብ ከፈልሁ። ማኅበራችሁ ከሟች እንኳ ሳይቀር የሚሰበስብ ብርቱ ማኅበር መሆኑን ስመሰክር ኩራት ይሰማኛል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ዕዳዬን ልጨርስና እመጣለሁ እያልሁ ስሮጥ፣ ዕዳው አለቀና የምመጣላት እናት አጣሁ። ይህን እናንተ አደረጋችሁት አልልም፤ ግማሹን እኔ «ቆይ» ስል አደረግሁት። የቀረውን ግማሽ ግን ልትመልሱልኝ ትችላላችሁ፤ ደብዳቤውም ስለዚህ ነው።

ደረሰኙን ይዤ ፎቶዬ ይውረድልኝ ብል፣ ከሰሌዳ የሚነሣው ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲወስን ነው፤ ኮሚቴውም ገና አልተሰበሰበም ተባልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት አበው ሰሌዳ ቢያዩ ኖሮ ይጨምሩበት ነበር። ከገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ያለችው ወይዘሮ ሸዋረጋ አዝናልኝ ፊቴ ላይ ነጭ ወረቀት ብትለጥፍበት፣ ያለ ትእዛዝ ነው ብላችሁ ገሥጻችሁ አስነሣችሁት። በእናንተ ቤት ሰውን ለመስቀል አንድ ሰው ይበቃል፤ ለማውረድ ግን ጉባኤ ያስፈልጋል።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። በመጪው ቅዳሜ እናቴን ወይዘሮ አምሳለን ይዤ እበራችሁ ድረስ እመጣለሁ። አያ ካሴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈናት ከሰሌዳው ፊት እናቆማታለን። ያን ጊዜ እርስዎ ወይም የፈቀዱለት ሰው መስታወቱን ከፍቶ፣ እያየች፣ ያን ፎቶ ያውርድልኝ። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልሻም፤ ካሣም አልሻም። መውረዱን ባየች ጊዜ ዞር ብላ ታየኝ ይሆናል ብዬ ነው። ታየኝ ይሆናል። ከዚህ ሌላ የቀረኝ ተስፋ የለም።

እስከዚያው ድረስ ሥራዎን እግዚአብሔር ይባርክልዎ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ፎቶዎን ከግድግዳ በበጎ ቀን ብቻ ያውለው። በዚህ ደብዳቤ የተረፈ ቃል ካለብኝም ይቅር ይበሉኝ፤ ሙት ወቃሽ መሆን ለእርስዎ ክብር አይስማማም።

የማኅበሩ ታማኝ ደንበኛ የነበረች፣ ዕዳዋን አጠናቅቃ የሄደች፣
ዓይናዲስ
ማራኪ፣ ጎንደር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከማኅበራችሁ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕዳዬን በሙሉ ስለ ከፈልሁ እንኳን ደስ ያለሽ ይልና፣ አዲስ ብድር ለመውሰድ ብቁ ስለ ሆንሁ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዤ እንድቀርብ ያዝዛል። ለደግነታችሁ ባለዕዳ ነኝ፤ ግን አልችልም። የነበረኝ ጉርድ ፎቶ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እናንተ ዘንድ አለ። ሌላውን እናቴ ራስጌዋ አድርጋ ታለቅስበታለችና፣ ያን ጊዜ ሄጄ ሳለሁ ከእጇ ልወስድባት ብል «ተይ የኔ ልጅ፣ እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ» አለችኝ።