አጵሎስ ወደ ጌታ መጣ እንጂ አልሄደም

ለተከበሩ ወንድም ጌዴዎን
የመብረቅ እግር ኳስ ክለብ ሊቀመንበር
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከሰፈሬ ከካትሌሆንግ እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለወጉ ያህል አይደለም። ክለባችን የታመመ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ በዐይኔ ስላየሁ፣ ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ ከልቤ እጸልያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ካስነጠሱ ፎቶዎ ያለበት ቲሸርት ታትሞ እንዳያድር እሰጋለሁና።

እኔን ያውቁኛል። ለማያውቁኝ አንባቢያን ግን ሀቢሶ እባላለሁ፤ የአማካያችን የአጵሎስ አጎት፣ የአንዲት ትንሽ ሱቅ ባለቤት፣ የመብረቅም ደጋፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ስለሆነ በጽሑፌ ስህተት ቢገኝ የሚወቀስ አስተማሪ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አጵሎስ ለብዙ ዓመታት ስምንት ቁጥር ለብሶ በክለባችን መሀል ሜዳ ሲጫወት ኖሯል። ባለፈው የብርድ ወራት ማጅራት ገትር ያዘው፤ ሆስፒታል ገብቶ ራሱን ስቶ ሰነበተ። እናቱ ሆሳዕና ላይ በጸሎት ያሳደገችው ልጅ ቢሆንም፣ ጨዋታ የሚኖረው እሁድ ስለሆነ ከጉባኤ ከራቀ ቆይቷል። ነፍሱን ካወቀ በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ መጥቶ ሲጸልይለት እጁን ከፍ አድርጎ ጌታን ተቀበለ። በዚያ ሰዓት አልጋው አጠገብ የነበረው የግራ ክንፋችን ኤሊያስ ነው። ኤሊያስ እዚሁ ጆበርግ ተወልዶ ያደገ፣ እግሩ ፈጣን፣ ልቡ ንጹሕ፣ አማርኛው ግን ከጉዳት ያላገገመ ወጣት ነው። በደስታ ስልኩን አውጥቶ «አጵሎስ ወደ ጌታ መጣ» ማለት ሲገባው፣ በክለቡ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ «አጵሎስ ወደ ጌታ ሄደ» ብሎ ጻፈ። የሚያለቅስ ፊትም ጨመረበት፤ የደስታ እንባ መሆኑ ነው። በኋላ ስቆጣው «አንክል፣ ሄደም መጣም መንገዱ ያው ነው፣ ኖ?» ብሎ መለሰልኝ። እኔም አሰብኩበት፤ መንገዱስ ያው ነው፣ ልዩነቱ መመለሻው ላይ ነው።

እርስዎና ኮሚቴዎ እውነቱን ለማጣራት ወደ ሱቄ ሰው መላካችሁን አልክድም። የተላከው ሰው ሱቁን ተዘግቶ አገኘው። የእኛ ሰው ሱቅ በካትሌሆንግ በቅዳሜ ቀን ያለ ሞት ስለማይዘጋ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። እኔና ባለቤቴ በለጥሽ ግን በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ሆነን ለሟቹ ሾርባ እያጎረስን ነበር። ሟቹም ጨው አነሰው ብሎ ይጨቃጨቅ ነበር። ስልኬ ዳታ ስለጨረሰ ሐዘናችሁ አልደረሰኝም። እሁድ ዕለት በሜዳው መሀል ቆማችሁ የኅሊና ጸሎት አደረጋችሁ፤ ስምንት ቁጥርን ማንም እንዳይለብሰው ወሰናችሁ፤ ከከተማ ቲሸርት አሳትማችሁ አደላችሁ። ለዚህ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሜዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፈጥናችሁ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር።

አሁን እንግዲህ አጵሎስ ድኗል። ሐኪሙ መርምሮ «ሩጥ» ብሎታል። የበዓል ሰሞኑ ውድድር የተጫዋቾች ምዝገባ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል፤ የእርሱ ስም ግን ከዝርዝሩ ላይ የለም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እደረድራለሁ።

አንደኛ፤ የማልያው ጉዳይ። ስምንት ቁጥር ማልያ በመስታወት ተከድኖ በዮቪል ሰፈር ባለው ያገራችን ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእርስዎ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። አጵሎስ ከሆስፒታል ወጥቶ በእግሩ መሄድ በቻለ ሰሞን ክትፎ አምሮት ወደዚያው ሄደና ሳያስተውል ልክ ከማልያው ሥር ተቀመጠ። ልትታዘዝ የመጣችው ፍሬገነት መጀመሪያ ማልያውን፣ ቀጥሎ እርሱን፣ እንደገና ማልያውን አየችና ትሪውን ለቀቀችው። ነፍሷ ሲመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወንድሜ አጵሎስ፣ እዚያም ክትፎ የለም እንዴ?» እርሱም «አለ፤ ግን ሚጥሚጣው አይረባም» አላት። ልጅቷ ይህን እስከ ዛሬ ታምናለች። ስለዚህ በክለባችን ምክንያት ስለ መንግሥተ ሰማያት የተሳሳተ ትምህርት እየተሰራጨ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ሁለተኛ፤ የንግግርዎ ጉዳይ። በዚያ የሐዘን እሁድ ያደረጉትን ንግግር አንድ ደጋፊ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በለጥሽም ሽንኩርት ስትከትፍ ትሰማዋለች፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። «አጵሎስ የክለባችን ልብ ነበር» ብለዋል። «ቦታውን የሚተካ አልተወለደም» ብለዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ ከመካከላችን ቢቆም ምነው» ብለውም መሐረብ አውጥተዋል። ጌታም ሰማዎና ሰውየውን በእግሩ አቁሞ አመጣልዎ። እርስዎ ግን ባለፈው ሳምንት ሜዳው ዳር ሲያገኙት «ወንድሜ፣ ቦታህ እኮ ተተክቷል» አሉት። አንድ ሰው ሞቶ የማይተካ፣ ኖሮ የሚተካ የሚሆንበት ሂሳብ ለእኔ ለነጋዴው አልገባኝም። ሱቄ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ብስኩት ዋጋው ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አይቼ አላውቅምና።

ሦስተኛ፤ የፍጥነት ጉዳይ። «ክለባችን ስሙ መብረቅ ነው፤ ከሕመም የተነሳ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ከስማችን ጋር አይሄድም» መባሉን ሰምቻለሁ። ስለ መብረቅ ለጆበርግ ሰው አይነገረውም፤ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ በየቀኑ እናየዋለን። ብልጭ ይላል፣ ያስደነግጣል፣ ከዚያ የት እንደገባ አይታወቅም። በእርግጥ የዘንድሮው ቡድናችን በዚህ ስሙን ይመስላል።

አጵሎስ ከታመመ ወዲህ ሜዳ ላይ የሆነውን ላስታውስዎ። ሁለቱ አጥቂዎቻችን፣ የሆሳዕናው ደሳለኝና የዱራሜው ቀመር፣ በአንድ ሠርግ ላይ ማን አንደኛ ሚዜ ይሁን በሚል ተቀያይመው ኳስ አይቀባበሉም። ደሳለኝ በአገሩ ቋንቋ ይጮኻል፣ ቀመር በአገሩ ቋንቋ ይመልሳል፣ ኤሊያስ በእንግሊዝኛ «ፓስ፣ ማን!» ይላል፤ ኳሱ ግን ቋንቋ ስለማያውቅ ወደ ዳኛው ይሄዳል። ባለፈው ጨዋታ ከእኛ ልጆች ብዙ ኳስ የደረሰው ለዳኛው ነበር፤ ምስጋና ይግባውና አላባከነውም። አጵሎስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚጫወትበት ቦታ ስሙ አማካይ ነው፤ መሀል የሚቆም ሰው ማለት ነው። እርሱ መሀል ቆሞ ሁለቱንም በየቋንቋቸው እኩል ይሰድባቸዋል፤ አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። ከሁለቱም ኳስ ይቀበላል፤ ለሁለቱም ይሰጣል። እነርሱ ከእርሱ ጋር እየተጫወቱ መስሏቸው እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ።

ይህ የአጎት ወሬ እንዳይመስልዎ ያለፈውን የልምምድ ቀን ያስታውሱ። አጵሎስ ኮፍያ አድርጎ ከመሀሉ ክብ ብዙም ሳይርቅ ቆመ። «አንተ ሚዜ! ለዚያኛው ሚዜ አቀብል!» ብሎ ሲጮህ ሁለቱም ሳቁ፤ እየሳቁ ሮጡ፤ እየሳቁም ጎል ገባ። ቀጥሎ ሌላ ገባ። እርስዎ ግን ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ «አልሮጠም እኮ» አሉ። ልክ ነዎት፣ አልሮጠም። የጎሉ ቋሚም አይሮጥም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ግጥሚያ ሲካሄድ አላየሁም።

አራተኛውን ቅሬታ በለጥሽ አንብባ «ይህንንስ ተው፣ ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ልጆቹም ያነቡታል» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። በጥቅሉ ግን በአንጋፋ ተጫዋቾች ግጥሚያ ላይ እርስዎ ለብሰውት የነበረውን ቁምጣ ይመለከት ነበር።

አምስተኛ፤ የጆሮው ጉዳይ። ሕመሙ ከአጵሎስ ላይ የወሰደው አንድ ነገር የግራ ጆሮውን መስማት ነው። አሠልጣኛችን ይህን ሰምተው «በግራ በኩል ቆሜ የምሰጠውን መመሪያ እንዴት ይሰማል?» ብለው መጨነቃቸው ያስመሰግናቸዋል። እውነቱን ለመናገር በሁለት ጆሮው በሚሰማበት ዘመንም መመሪያቸውን ሰምቶ አያውቅም፤ ያኔ ዋንጫ እናነሳ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የቀኝ ጆሮው ፊሽካ ይሰማል። ሌላ ምን ሊሰማ ነው?

ስድስተኛ፤ የደንቡ ጉዳይ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስደንቆኛል። ኮሚቴው «አባልነት በሞት ይቋረጣል» የሚለውን አንቀጽ ጠቅሶ አጵሎስ እንደ አዲስ አባል ያመልክት አለው። አመለከተ። አዲስ ተጫዋች ከሠላሳ ዓመት በላይ መሆን የለበትም ተባለ። እንዳልሞተ ያስረዳ ተባለ። ራሱ በአካል ቀርቦ «ይኸው» አለ፤ በቂ አልሆነም። ወንጌላዊው «ይህ ወንድም በሕይወት አለ» ብሎ ጻፈለት፤ ማኅተም የለውም ተባለ። አልዓዛርም ከመቃብር ሲወጣ በሩ ላይ ያገኘው የእኛን ኮሚቴ ቢሆን ኖሮ፣ መግነዙን መልሶ ጠቅልሎ በገባ ነበር። ቁጥሩን ለመመለስ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል ብለዋል። ጉባኤው መቼ ይጠራል ስልዎ «ጀስት ናው» አሉኝ። በዚህ አገር ስለኖርኩ «ጀስት ናው» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል፣ የጌታ ዳግም ምጽአትም ሊቀድመው ይችላል። ለሠላሳ ሰባት ዓመት አማካይ «ለከርሞ» ማለት «አይሆንም» ማለት መሆኑን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ኳስ የተጫወቱ ሰው ስለሆኑ አይጠፋዎትም። ቢያንስ መጫወትዎን ይናገራሉ።

ስለ ቲሸርቱም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆናል። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ሲታጠብ አይለቅም። የአጵሎስ ፎቶ ደረቱ ላይ፣ «አንረሳህም» የሚለው ከሥሩ አለ። እኔ ዕቃ ሳራግፍ እለብሰዋለሁ። በቀደም አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ዳቦ ልትገዛ መጥታ ፎቶውን አየችና ማን ነው አለችኝ። የወንድሜ ልጅ ነው ስላት «ሀው፣ ሶሪ ባባ!» ብላ እጄን ይዛ አዘነችልኝ። ይህን እያለች የወንድሜ ልጅ የበቆሎ ዱቄት ተሸክሞ ከጓዳ ወጣና «ሳውቦና ጎጎ!» ብሎ በቋንቋዋ ሰላም አላት። ጎጎ ዳቦዋን ጥላ በዚያ ዕድሜዋ የሮጠችውን ሩጫ ቢያዩ ኖሮ ያለ ጥርጥር ለመብረቅ ባስፈረሟት ነበር። በማግስቱ ልጆቿንና ጎረቤቶቿን ይዛ ከሞት የተነሳውን ሰው ልታይ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ጨምሮልኛል። ኮሚቴው ለንግዴ ስላደረገው ድጋፍ አመሰግናለሁ።

ጥቂት ቃል ደግሞ ያለ ቀልድ ልጨምር፤ ብዙ አይደለም፣ አይደንግጡ። አጵሎስ ነፍሱን ባወቀ ቀን ማንኪያ መያዝ አይችልም ነበር። የመጀመሪያ ቃሉ «መብረቅ ስንት ለስንት ወጣ?» የሚል ነው። ሐኪሙ አታስደንግጡት ስላለን አሸነፍን አልኩት። መራመድ እንደገና የተማረው ከሱቄ ጀርባ፣ በኮልድሪንክ፣ በለስላሳ መጠጥ ሳጥኖች መካከል ኳስ እየገፋ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ተደግፎ፣ በኋላ ሳጥኑን አልፎ። ሲወድቅ የሚያነሳው እኔ አልነበርኩም፤ ወደ ሜዳ እመለሳለሁ የሚለው ሐሳብ ነበር። ያንን ሐሳብ ክለቡ አልሰጠውም፤ ስለዚህ ክለቡ ባይነጥቀው ደግ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሁለት አንዱን በትሕትና እለምናለሁ። ወይ በሐዘኑ ቀን የተናገሩትን በዚያው ሜዳ ላይ ቆመው «ዋሽቼ ነው» ይበሉ፤ ወይ ስሙን እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ያስመዝግቡት። ማልያው ከግድግዳው ካልወረደ ሌላ ቁጥርም ይለብሳል። መስታወቱን ግን እኔ ራሴ መጥቼ ብከፍተው በደስታ ነው፤ መፍቻ አለኝ።

ጌታ ዕድሜና ጤና፣ ለኮሚቴዎ ደግሞ ሕያዋንንና ሙታንን የሚለይ መንፈስ እንዲሰጥ እየለመንኩ፣ በፍጹም አክብሮት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ፣

ታዛዥዎ
ሀቢሶ
የሟቹ አጎት

ግልባጭ፦
ለአጵሎስ እናት፣ ሆሳዕና (ደስ እንዲላቸው)
ለፍሬገነት፣ ዮቪል (ስለ ሚጥሚጣው እርማት እንዲሆን)
ለኤሊያስ (በትልልቅ ፊደል)

ማሳሰቢያ፦ የአይቮሪ ፓርክ ክለብ ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው አጵሎስን ሊያስፈርሙት ጠይቀዋል። ሞቷል ተብሎ የለም ወይ ስላቸው አለቃቸው «ጋሼ፣ ሞቶም ቢሆን እንወስደዋለን» አለኝ። አጵሎስ እስከ ቅዳሜ ታገሡኝ ብሏቸዋል። ቅዳሜ ማታ ኤሊያስ በግሩፑ ላይ ወይ «አጵሎስ መጣ»፣ ወይ «አጵሎስ ሄደ» ብሎ ይጽፋል፤ ልዩነቱን እኔ ራሴ ስላስተማርኩት በዚህ ጊዜ አይሳሳትም። የትኛውን እንደሚጽፍ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሲወስኑ ግን ይህን አይርሱ፦ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው አይተናል፤ ከአይቮሪ ፓርክ ክለብ የተመለሰ አማካይ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።