ያጠበብኳት ቀዳዳ

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ሦስት ቁጥር፣ የመድኃኒት መኪናችን፣ ዛሬም ጥቁር ጭስ። ትናንት ማታ ከደባርቅ ገባች፤ ኋላዋ እንደ ምድጃ ጠቁሯል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎቿን ፈታሁ፣ ጥላሸት ብቻ። ሾፌሯ አያ ወርቁ አጠገቤ ቆመው ያጉረመርማሉ። ዳባት ስትደርስ ትታነቃለች፣ ደባርቅ ስትገባማ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሄድም። ምነው ታዲያ ጎንደር ላይ ደህና ሆነች ይሉኛል። አየሩ ነው አልኳቸው። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ የሚፈሰው ቤንዚን ግን ያው ነው፤ ሳይነድ የተረፈው በጭስ ይወጣል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሳስተምራቸው ደስ አይላቸውም።

አንቺ ደብተር፣ የባሰው ደግሞ ኩፖኑ ነው። የመ/ቤቱ የቤንዚን ኩፖን ከዚህ ወር ጀምሮ ተቀነሰ። ጓድ ኃላፊ ጠርተውኝ ወይ ጭሱን አጥፋ ወይ መኪናዋን እናቆማለን አሉ። መድኃኒቱን በአህያ ሊልኩት ነው? ይህን አላልኩም። በሆዴ ነው።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

እናና ከት/ቤት ላይብረሪ የመኪና መጽሔት አመጣችልኝ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ማግባት ለዚህ ይጠቅማል። ወይ ጉድ! ውጭ አገር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ሊቀር ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን አየሩን ይለካል፣ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ተራራ ብትወጣ ቆላ ብትወርድ ራሱ ያስተካክላል። እሰይ ለእነሱ። እኔ ያለኝ ጆሮ ነው።

ስለ ደጋ አገር የሚል ገጽም አለው። ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ትጥበብ ይላል። ግማሹን አነበብኩ፣ ሲከብደኝ ሥዕሉን አይቼ አለፍኩት። እናናን አንብቢልኝ ማለት አስጠላኝ። ሥዕሉ ይበቃል።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ሆነ! ሆነ እኮ!

የካርቡራተሯን ቀዳዳ በስታኞ፣ በቀለጠ ብየዳ፣ ደፈንኳት። ከዚያ በእናና መርፌ፣ ሞርጄ አቅጥኜው፣ መልሼ በሳኋት። ሦስቴ ተበላሸብኝ፤ በአራተኛው ያዘ። ከአያ ወርቁ ጋር ደባርቅ ደርሰን መጣን። ጭስ የለ፣ መታነቅ የለ። አያ ወርቁ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ ይስቃሉ፤ ሸጋ አርገሃታል፣ ልጅነቷ ተመለሰ ይላሉ። እሳቸው ሲያመሰግኑኝ ይሄ መጀመሪያው ነው። ደባርቅ ላይ ካንዴላ ፈታሁ፤ ቡናማ፣ ልክ እንደሚፈለገው። ጎንደር ስንገባ ደግሜ ፈታሁ፤ ነጣ ብሏል። እንዴት ንጹሕ ነው አልኩ።

ቀዳዳዋን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአያ ወርቁም። የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ መብሳት ያስጠይቃል። አጸዳሁት፣ አስተካከልኩት ብቻ ነው ያልኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ስብሰባ። ጓድ ኃላፊ ስሜን ጠርተው አስጨበጨቡልኝ። ቤንዚን በመቆጠብ ኮከብ ሠራተኛ! ስሜ መግቢያው ሰሌዳ ላይ በቀይ ቾክ ተጻፈ። ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። እናና ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ስምህን ለምደውታል ማለት ነው፣ ለክፉም ይጠሩታል አለች። ተናደድኩባት። እራቴንም ሳልበላ ተኛሁ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ፣ 12 ሰዓት ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስት ቁጥር መድኃኒት ጭና አዲ አርቃይ እንድትሄድ ታዘዘ። ሐሙስ ጠዋት በወታደር ከሚታጀበው የደባርቅ ኮንቮይ ጋር ትወርዳለች። ከመኪኖቹ ሁሉ የተመረጠችው ቤንዚን ስለማትበላ ነው። በእኔ ሥራ! ደስ ብሎኝ፣ ከመሄዷ በፊት ልያት ብዬ ካንዴላ ፈታሁ። ነጭ። ኖራ። ጫፉ ላይ የቀለጡ ነጥቦች።

ቤት ሮጬ መጽሔቱን አወጣሁ። ያለፍኩትን እናና አነበበችልኝ። ለደጋ የጠበበች ቀዳዳ ቆላ ስትወርድ ሞተሩን ታስርበዋለች፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ቫልቭ ያቃጥላል፣ ፒስተን ይበሳል። እኔ ጅሉ የለካኋት ለደባርቅ ብርድ ነው! ጎንደር ላይ እንኳ ነጥታለች፣ ቆላው ዛሪማ ስትወርድማ? ሊማሊሞን መውረዱ አይገድላትም፣ ቁልቁለት ነው። ከዛሪማ ወደ አዲ አርቃይ ያለው አቀበት ነው፤ ጭነት ይዛ፣ በዚያ ሙቀት። እዚያ ትቆማለች።

የቆመ መኪና ደግሞ ኮንቮዩ አይጠብቅም። በክረምቱ ከመኪናው ጋር ወደ ኋላ የቀረው የቦቴ ሾፌር እስከ ዛሬ ቤቱ አልገባም። ማን እንደወሰደው የሚናገር የለም።

ነገ ጠዋት ቀዳዳዋን መልሼ አሰፋለሁ። ግን ትጨሳለች። ከዚያ ምን አድርገህ ነበር ይሉኛል። የሚሉትንም ቃል አውቀዋለሁ። አሻጥር። ጻፍኩት እንግዲህ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

አላሰፋኋትም። ጓድ ኃላፊ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲያስጭኑ ዋሉ። ሁለቴ ቁልፍ ይዤ ሄድኩ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። ምን ቀረ ሲሉኝ ምንም አልኩ። ምንም! አያ ወርቁ ጎማ እየረገጡ፣ ከአንተ እጅ የወጣች ናት ምን ትሆናለች አሉ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ ነው መሄጃዋ። ነገ አለኝ። ነገ ማልጄ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ 3 ሰዓት ጠዋት

የለችም።

ቦታዋ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ። ጥበቃውን ጠየቅሁት፤ ማታ ትእዛዝ መጥቶ ሳይነጋ ወጡ። ደባርቅ አድረው ነገ 2 ሰዓት ላይ ከኮንቮዩ ጋር። ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ አይን ያቃጥላል። ያን ጥቁር ጭሷን ተመኘሁት።

አውቶቡሱ ሄዷል። ቢኖርስ? ያለ ይለፍ ወረቀት አልወጣም፣ ወረቀት ለማግኘት ምክንያት መናገር አለብኝ። ስልክ አለ፤ ያለው ጓድ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። በየት ብዞር መናገር ነው። አንቺ ደብተር፣ ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ያው ቀን፣ 6 ሰዓት

እናና ት/ቤት ሄድኩ። እጇ ቾክ እንደሆነ ወጣች። ነገርኳት። ያጠፋሁት እኔ፣ ብታሰር የምትቀጣው እሷ እንደምትሆን አውቃለሁ። የአያ ወርቁ ልጆች ስንት ናቸው አለችኝ። ታውቃለች እኮ። አምስት አልኳት። ወደ ክፍሏ ገባች።

እነግራቸዋለሁ። አሁን፣ ሳልቀመጥ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ነገርኩ። ጓድ ኃላፊ ብዕራቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

ደባርቅ እስኪገኝ አንድ ሰዓት። አያ ወርቁን ከሆቴል ጠርተው አመጧቸው። ድምፃቸው ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ሊማሊሞን እንደ ልማድዎ በፎሌ፣ ማርሽ ነቅለው፣ አይውረዱ፣ በማርሽ ይሁን፣ ብትጠፋ ጎማው ራሱ ያስነሳታል አልኳቸው። ከዛሪማ አቀበቱ ሲጀምር የሞተሯን ቾክ፣ ያቺን ጠዋት ለብርድ የሚስቧትን እጀታ፣ ግማሽ ስበው ይንዱ፤ ቤንዚን ትጨምርላታለች። ምነው አሉ፣ በዚያ ሙቀት? ጓድ ኃላፊ አይን አይኔን ያያሉ። ቀዳዳዋን በመርፌ ያጠበብኳት እኔ ነኝ አልኩ። ግማሽ ነው አያ፣ ሙሉ ከሳቧት ትታፈናለች፣ ግማሽ ብዬ ጮህኩ። መስመሩ ተቆርጧል። ይስሙ አይስሙ አላወቅሁም።

ደግመን ሞከርን። እምቢ አለ። ጓድ ኃላፊ ነገ 3 ሰዓት፣ ያደረግኸውን በጽሑፍ፣ አሉ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ 3 ሰዓት

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ጽሑፉ በኪሴ፤ አንድ ገጽ። እናና ጋቢ አስይዛኛለች፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል፣ ትናንት አልነበረም። ስሜ ሰሌዳው ላይ አለ፣ አልጠፋም።

5 ሰዓት። ሊማሊሞ ላይ ናቸው። በማርሽ አያ ወርቁ፣ በማርሽ።

7፡30። ዛሪማን አልፈዋል። አሁን ነው አቀበቱ። እዚህ ቁጭ ብዬ ሞተሯን አዳምጣለሁ፣ አብጃለሁ መሰለኝ። ግማሽ። ግማሽ ብቻ።

9 ሰዓት። ምንም። ባለ ጠመንጃው ሲጋራ ጋበዘኝ። አላጨስም፤ ተቀበልኩት።

9፡40። ስልኩ ጮኸ፣ ውስጥ። ጓድ ኃላፊ አነሱት። ሃሎ፣ ሃሎ ይላሉ። አዲ አርቃይ ነው። ጓድ ኃላፊ ጮኹ፣ በሩ ተዘግቶ እንኳ ይሰማል፦ "ጮክ ይበሉ አያ ወርቁ፣ አይሰማኝም!"

አያ ወርቁ! ደርሰዋል! ተመስገን፣ ተመስገን፣ ግማሽ የምትለዋን ሰምተዋታል

ስልኩ ተዘጋ። ስሜን እየጠሩ ነው። ደብተሯን በጋቢው ጠቅልዬ ለባለ ጠመንጃው ልስጠው፣ ለእናና ያድርስልኝ