ሚኤሶ ላይ የዘነበ የወረቀት ዝናብ

ሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 1958፣ አሰበ ተፈሪ

ሚኤሶ ላይ ዘነበ ይላል። አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር! በሚያዝያ! ሚኤሶ! ወረቀቱን ባገላብጠው ያው ነው። የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ወሩን ሙሉ ከዝናብ መለኪያው ያነበበውን ወደ አዲስ አበባ የላክሁት እኔ ራሴ ነኝ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጠዋት ፖስታውን ከአውቶቡሱ ሾፌር ስቀበል እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! አዲስ አበባ ተቀምጬ የተማርኩት ፎርትራን፣ ኮምፒዩተር የሚባለው ማሽን የሚታዘዝበት ቋንቋ፣ የመጀመሪያ ፍሬው ነው። የጨርጨርን ዝናብ በየከተማው የሚደምረውን ፕሮግራም እኔ በወረቀት ጻፍኩት፤ እዚያ ያሉት ልጃገረዶች ካርድ ላይ በስተው ለማሽኑ አጎረሱት። እህል የሚያድለው ኮሚቴ ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ አልቀበልም ብሏል፤ የማሽን ወረቀት ብቻ። ዝናብ ያላገኘ ቦታ ይቀድማል፣ ያገኘ ይጠብቃል። ስብሰባው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ አዲስ አበባ ነው።

ለአለቃዬ ለአቶ ደምሴ አሳየኋቸው። "ማሽን አይሳሳትም፤ የተሳሳትከው አንተ ነህ" አሉኝ። እኔም የማስበው እንደዚያው ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ

ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ሄድኩበት። ስህተት የለም። ደግሜ ሄድኩበት። ወይ እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ ወይ ያስተማሩኝ ሰዎች በቅጡ አላስተማሩኝም።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሙሜ መጡ። የሚኤሶ ከብት አርቢዎች ሽማግሌ ናቸው፤ በጭነት መኪና ላይ ቆመው ነው የመጡት፣ ጋቢያቸው በአቧራ ቀልቷል። "አንተ ነህ ዝናብ የምትጽፈው?" አሉኝ። አማርኛቸው አንቱ የሚባል አያውቅም፤ አገረ ገዥውንም አንተ ሳይሉት አይቀሩም።

"ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ሚኤሶ ዘነበ ይላል። አቦ፣ የት ነው የዘነበው? አሳየኝ፣ ከብት ወስጄ ላጠጣ።" ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ከብቱንም ሰዉንም ይዘው ወደ አዋሽ ሊወርዱ ተነስተዋል። እህል ከመጣ ግን ይቆያሉ፤ ሕፃንና ደካማ ይዞ በባዶ ሆድ ያንን በረሃ ማቋረጥ ሰው መቅበር ነው። "ልሂድ፣ ልቆይ?" አሉኝ።

"ይቆዩ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ረቡዕ

አገኘሁት። አገኘሁት!

ሚያዝያ ውስጥ አሰበ ተፈሪ መጀመሪያ የዘነበ ቀን ስንት ሚሊ ሜትር ነበር? አሥራ ስምንት! በካርዶቹ ተራ ከሚኤሶ ፊት ያለችው አሰበ ተፈሪ ናት። ሚኤሶ የጎረቤቱን ዝናብ ወስዷል ማለት ነው።

ፕሮግራሜ የሚለው "በዘነበባቸው ቀኖች ልክ እየዞርክ ደምር" ነው። ሚኤሶ የዘነበበት ቀን ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ጭራሽ መዞር አልነበረበትም። እሱ ግን አንዴ ይዞርና ከፊተኛው ከተማ የተረፈውን የመጀመሪያ ቁጥር ያነሳል። መጀመሪያ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ "ቤቶች!" እንደሚል ሰው።

ስልክ ቤት ሮጥኩ። መስመሩ እስኪገኝ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጥኩ። አብሮኝ የተማረው ተሾመ አሁን ማሽኑ ክፍል ነው የሚሠራው። ነገርኩት። "ኧረ እሱን ነው እንዴ!" ብሎ ሳቀብኝ። ጉድለቱ የተርጓሚው ነው አለኝ፤ እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚገለብጠው ፕሮግራም መሆኑ ነው። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለሠሪዎቹም ተጽፎላቸው መልስ የለም።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅከኝማ። ባዶ አትስጠው፣ በቃ።"

አንጀቴ ቅጥል አለ። ስንት ቀን ራሴን ስሰድብ!

ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እዚያው ስልኩ ላይ እየጮህኩ አንድ ካርድ አስለወጥኩት። ሚኤሶ፣ የዘነበበት ቀን አንድ፣ የዝናቡ መጠን ዜሮ። ማሽኑ አንዴ ይዞራል፣ ዜሮ ይደምራል፣ ዜሮ ይወጣል። ብልጠቴ ለራሴ ገረመኝ።

ዓርብ

ቢሮ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አላስቻለኝም፤ መለኪያውን ልይ ብዬ ሚኤሶ ወረድኩ። ውስጡ አቧራና የደረቀ ጉንዳን ነው ያለው። ዘበኛው በየጠዋቱ ያየዋል፣ በየጠዋቱ "የለም" ብሎ ይጽፋል። "ጋሼ፣ ልተወው እንዴ?" አለኝ። አትተው አልኩት። ለምን እንዳይተው ለማስረዳት ግን አፈርኩ።

ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ከመንገዱ ዳር ኦቦ ሙሜና ሌሎች ሰዎች የወደቀች ላም ሊያነሱ ይታገላሉ። ጠሩኝ። ጭራዋን ያዝኩ፤ "በል! በል!" እየተባባልን አነሳናት። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆመች። በዚህ ሳምንት ያሳካሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

"ወረቀቱስ?" አሉኝ ኦቦ ሙሜ።

"ነገ ይመጣል።"

ቅዳሜ

ዜሮ! ሚኤሶ፣ ዜሮ! ከአውቶቡሱ በር ላይ ሳልወርድ ፖስታውን ቀድጄ አየሁት፤ ሾፌሩ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት "አቦ፣ ስንት ወጣልህ?" አለኝ።

አቶ ደምሴ ፈረሙ። ለኮሚቴው ጸሐፊ የምሥራቹን በስልክ ልንገር ብዬ ደወልኩ። እዚያም ቅጂው ደርሷቸዋል። ሰውየው ትሑት ነው፣ ድምፁም የለሰለሰ ነው። "ሚኤሶ እኮ አንድ ቀን ዘንቦላችኋል" አለኝ።

"መጠኑን ይመልከቱት፣ ዜሮ ነው።"

"እኛ የምናየው ቀኑን ነው። የዘነበበት ቀን ያለው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፏል፤ ለክረምት።"

"ኧረ አልዘነበም!"

"ካልዘነበ ታዲያ ዘነበ ብሎ የጻፈው ማነው?"

እኔ ነኝ። ማሽኑን ላታልል ብዬ ሰውየውን አታለልኩት። መጀመሪያ ማሽኑ ዋሸ፤ አሁን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ በአለቃዬም ፊርማ አስመስክሬ። ምሳ አልበላሁም። እነዚያ ሰዎች ይቆዩ ብዬ የተናገርኩትን ይዘው ተቀምጠዋል።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ምን ብዬ እጸልያለሁ?

አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የማስበው ይህን ነው። ጉድለቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንንም ግን አያመውም። ዝናብ የሚወርድበት አገር ጉድለቱን አያየውም። ጎጃም አያየውም። ትንሽ እንኳ ያለው ሰው አያየውም። የሚነካው ምንም የሌለውን ብቻ ነው፤ ምንም የሌለው ደግሞ ማሽን ክፍል ገብቶ አይጮህም። ከእኔ በፊት ስንት ደረቅ ቀበሌ የጎረቤቱ ዝናብ ተጽፎለት ይሆን? መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ተነሳሁ። እርሳስ ቀረጽኩ። ከዙሩ በፊት አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ቀኑ ዜሮ ከሆነ አትግባ፣ እለፍ።

ይኸው ነው። አንድ መስመር። ረቡዕ ዕለት ትንሽ ረጋ ብዬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ስልክ ልነግረው እችል ነበር። ብልጥ መሆን አማረኝ። ወረቀቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እዚህ ብጽፈው የሚያየኝ የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ለተሾመ መስመሯን በስልክ አነበብኩለት። ማሽኑ በደመወዝ ሥራ ተይዟል አለ። በእናትህ አልኩት፣ በሞቴ አልኩት። በስተኋላ "እሺ፣ አጣብቄ አስገባዋለሁ" አለ።

ቅጂውን ለኮሚቴው ራሱ ቢሰጥልኝ ብዬ ነበር፤ አንዴ ከደረሳቸው በኋላ የሚመጣን ማረሚያ ግን የቢሮው ፊርማ ከሌለበት አያዩትም። እንግዲህ እዚህ መጥቶ ተፈርሞ እንደገና ይሄዳል። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ።

አቶ ደምሴ ጭራሽ አልሰማ አሉ። "ከአንድ ቢሮ ሁለት ወረቀት? የትኛው ነው እውነቱ? ማን ነው የሚጠየቀው?"

"እኔ እጠየቃለሁ።"

"አንተ ማነህ?"

ልክ ናቸው። ማንም አይደለሁም።

ረቡዕ፣ ሚኤሶ ጣቢያ

ወረቀቱ ትናንት ማታ ደረሰ። ሚኤሶ፣ የዘነበበት ቀን ዜሮ፣ መጠኑ ዜሮ። ሌሎቹን ከተሞች አንድ በአንድ በእጄ ደምሬ አመሳከርኩ፤ ሁሉም ልክ ነው።

አቶ ደምሴ ዛሬ ጠዋት አነበቡት። "እኔ አልፈርምም። አንተ ፈርመህ አንተው ይዘህ ሂድ፤ ከተባረርክም የምትባረረው አንተ ነህ" አሉና ማኅተሙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው። አውቶቡስ አምልጦኝ ስለነበር ለነገው ስብሰባ ጠዋት አዲስ አበባ በባቡር ልግባ ብዬ እዚህ ወረድኩ።

ኦቦ ሙሜን ጣቢያው አጥር ሥር አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘነበ ብዬ ያስጻፍኩት እኔ መሆኔንም ጭምር። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ጎረምሶቹ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የቀሩትን ከብቶች ይዘው ወደ አዋሽ ወርደዋል። ሴቶቹ፣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ቀርተዋል።

"እኛ እንጠብቃለን" አሉኝ።

"ኮሚቴው ምን እንደሚል እኮ አላውቅም፣ ኦቦ። እንቢ ሊሉኝ ይችላሉ።"

"ኮሚቴ እኔ አላውቅም። የምንጠብቀው አንተን ነው።"

እጄን ጨብጠው ሄዱ።

ባቡሩ ይዘገያል ተባለ። ወረቀቱ በሸሚዜ ውስጥ ነው፤ ላብ እንዳይነካው በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ። አሁን አንድም ስህተት የለበትም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።