ለሟች የተሰጠው የማርስ ከተማ

ወንድሜ ኸርበርት፣ ብዕሩን የያዘችው የእህቴ ልጅ ሞሪን ናት፤ የኔ እጅ ሥዕል እንጂ ፊደል እንደማያውቅ ታውቃለህ። እዚህ ሊድስ የድሮ የጠፈር ኮሚክ፣ ያ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ አፍቃሪዎች እኔ የሳልኩትን የማርስ ከተማ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ማን እንደሳለው ይከራከራሉ። በኛ ዘመን መጽሔቱ የሠዓሊ ስም ስለማያትም፣ አሣሣሉን መርምረው አብሮኝ ይስል ለነበረው ለሟቹ ለጎድፍሬይ ሰጡት።

«የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አባባ፣ ጎድፍሬይን በብሩሹ እናውቀዋለን፤ ይልቅ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አለኝ አንድ ጺማም።

ብሩሽ ተቀብዬ ያንኑ ከተማ እፊታቸው ሳልኩት። «አቤት፣ ሲያስመስሉት» ብለው አጨበጨቡልኝ።

አገራችን ግሪምስቢ ቢሆን መጠጥ ቤት ያለው ሁሉ ይመሰክርልኝ ነበር፤ እዚህ የሚታመነው ሬሳ ነው። እኔም ተስፋዬን ቆርጫለሁ። ለባለቤትህ ለዊኒፍሬድ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ሞሪን፣ ስሜን ሙሉውን ሲሪል ኦግልቶርፕ ብለሽ ጻፊና አንብቢልኝ።