የምርጫ ካርቶን ስትሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘችው እህቴ

ለክቡር አልጎሪዝም፣
በየስልካችን ማን ምን ማየት እንዳለበት ለሚወስኑልን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማይነካዎት ብሰማም ጤናዎና ብርታትዎ እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ የአባትዎን ስም ሳላውቅ ለመጻፍ በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ሱሪ የማሳጥር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከወለደችኝ እናቴ ይልቅ እርስዎ ያውቁኛል ስለሚባል በትውውቅ ጊዜዎን አልፈጅም።

የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ እህቴ፣ እኛ ቤት እትዬ ስለምንላት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህም የሰፈራችንን የምርጫ ጣቢያ በሰብሳቢነት የመራች ሴት ናት። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው የትምህርት ቤቱን ክፍል ለድምፅ መስጫ ለማዘጋጀት ያረጁ የፈተና ወረቀቶች የሞሉበትን ካርቶን ተሸክማ በጓሮ በር ስትወጣ፣ አንድ ሰው ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ቀርፆ «ድምፃችን ሲሰረቅ!» ብሎ ለቀቀው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ራሱ ገና ከመጋዘን አልወጣም ነበር። ስለዚህም፦

1ኛ. ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። በሰፈራችን የሠርግ ጥሪ ለማዳረስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እርስዎ ግን ይህን የበሬ ወለደ ወሬ እስከ ምሳ ሰዓት ለባለ ሥጋ ቤቱ፣ ለዳቦ ሰልፈኛው፣ ስልክ ለመዝጋት እንኳ የልጅ ልጆቿን ለምትጠራው አክስታችን ሳይቀር አድርሰዋል።

2ኛ. ስለ እኔ ያለዎትን ግምትም አደንቃለሁ። ቪዲዮውን ዐሥራ ሰባት ጊዜ ያየሁት የለበሰችው ግራጫ ካፖርት እኔው የሰፋሁላት መሆኑን ማመን አቅቶኝ ነበር፤ እርስዎ ግን የወደድኩት መሰለዎት። ቀጥዬ «ዓይን ያወጣ ውሸት!» እያልኩ አርባ ሦስት ጊዜ መልስ ጻፍኩ፣ የሰደባትን ሁሉ መልሼ ሰደብኩ። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ በኋላ እንደነገረኝ፣ ለእርስዎ ንዴትም ፍቅርም አንድ ናቸው፤ በጻፍኩ ቁጥር ውሸቱን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ወይ ጉድ! ለካ እሳት ላጥፋ ብዬ ሳራግብ ነው የዋልኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔን ነው።

3ኛ. የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ያወጣውን ማስተባበያ ዐሥራ አንድ ሰው እንዲያየው ስለፈቀዱ ቸርነትዎን አልረሳም፤ ከእነሱም አምስቱ ቤተሰብ ነን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ነው ያደግነው፤ እርስዎ ዘንድ ግን እውነት እያደር ወደ ታች ይወርዳል።

የሚቀጥለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። እትዬን «ለሰላም ሲባል» ከሰብሳቢነት አነሷት። በምርጫው ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ልትመርጥ ያንኑ ካፖርት ለብሳ ተሰለፈች። ማባዛት ያስተማረችው ባለ ሥጋ ቤት ጀርባውን ሰጣት፣ ከኋላዋ የነበሩት ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፏት ጀመር። ተራዋ ሳይደርስ ተመለሰች። ለተሰረቀ ድምፅ ምን አሰለፈን ብለው ከሦስት መቶ በላይ ሰዎችም ከቤታቸው አልወጡም፤ በጣቢያችን ያሸነፈው ዕጩ የበለጠው በዐሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው። እትዬ ከቤት ከወጣች ይኸው ሁለት ወሯ፣ ዳቦ እንኳ እኔ ነኝ የምገዛላት። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ደግሞ እፍረቴ ይብሳል።

እርስዎ ግን ሐዘኔን ተረድተው በየማለዳው አዳዲስ የሌባ ቪዲዮ ስለሚያቀርቡልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ለታላቅነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ያለ ደመወዝና ያለ ፈቃዱ የውሸትዎ አከፋፋይ ሆኖ ያገለገለዎት፣
ልብስ ሰፊው።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህንኑ ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት «እህቴ ንጹሕ ናት» በሚል ርዕስ ለጥፌው አራት ሰው አየው። ዛሬ ርዕሱን ብቻ እርስዎ እንደሚወዱት አድርጌ ቀይሬዋለሁና፣ እንግዲህ እንደ ልማድዎ ያዳርሱልኝ። እትዬንም አስፈቅጃታለሁ፤ ሌባ መባሉን ለምጄዋለሁ ብላኛለች።